የዝግታ መንገድ፤ የእንግሊዝ ቦዮችና የጠባብ ጀልባ ቤተሰቦች

በእንግሊዝ አገር በበጋ ወራት ከሚዘወተሩት የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያዎች አንዱ ረጅምና ጠባብ ጀልባ ተከራይቶ በሰው እጅ በተቆፈሩ ቦዮች ላይ መንሸራሸር ነው። የጀልባዋ ርዝመት እስከ 21 ሜትር ሲደርስ ስፋቷ ግን ከሁለት ሜትር እምብዛም አያልፍም። በሰዓት ከስድስት ኪሎ ሜትር ብዙ ስለማትበልጥ በቦዩ ዳር የሚራመድ ሰው ከተሳፋሪው ጋር እየተጨዋወተ ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል። መንገደኛው በስተኋላ ቆሞ መሪዋን ይዞ፣ በመስኩ የተሰማራውን ከብትና በውሃው ላይ ያጎነበሰውን የአኻያ ዛፍ እያየ፣ ሲመሽም ከዳር አስሮ እያደረ፣ በመኪና አንድ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ በሳምንት ይጨርሰዋል።

ይሁን እንጂ ጉዞውን በአስተዋይ ዐይን የሚመለከት ሰው ከመልክዓ ምድሩ ውበት ሌላ የሚያነበው ነገር አለ። በብዙዎቹ አሮጌ ድልድዮች ማዕዘን፣ በድንጋዩና በብረቱ ላይ፣ ጣት የሚያስገቡ ጭረቶች ይታያሉ። ጭረቶቹ ፈረሶች ጀልባ ይስቡበት የነበረው ገመድ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት እየፈተገ የቦረቦራቸው ናቸው። ዛሬ ለዕረፍት የሚፈለገው ዝግታ ትናንት የብዙ ሺህ ሰዎች የዕለት እንጀራ ነበር፤ ያውም በጥድፊያ የሚገኝ እንጀራ። ቦዮቹ ለምን ተቆፈሩ? ማንስ ኖረባቸው? የሥራ መንገድ የነበሩትስ እንዴት የመዝናኛ መንገድ ሊሆኑ ቻሉ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በአጭሩ ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

መስፍኑና ወፍጮ ሠሪው

በ18ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ አብዛኛው የእንግሊዝ መንገድ ሸክም የማይችል የጭቃ መንገድ ነበር። ዕቃ የሚጓጓዘው በጋማ ከብት ጀርባና በጋሪ ነው። በደህና መንገድ ላይ እንኳ አንድ ፈረስ በጋሪ የሚስበው ከሁለት ቶን ብዙ አይበልጥም። ያው ፈረስ በረጋ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ጀልባ ሲስብ ግን ከ25 እስከ 30 ቶን ጭነት ይንቀሳቀስለታል። የቦዮቹ ታሪክ በሙሉ በዚህ ቀላል ሒሳብ ላይ የቆመ ነው።

ሒሳቡን በተግባር ካዋሉት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የብሪጅወተር መስፍን ፍራንሲስ ኤገርተን ነው። መስፍኑ በወጣትነቱ በአውሮፓ ሲዘዋወር፣ በደቡብ ፈረንሳይ በ1681 የተመረቀውን የሚዲ ቦይ ተመልክቶ ነበር። በማንቸስተር አቅራቢያ፣ በዎርስሊ፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነበረው። ነገር ግን ከሰሉ ከከተማው እስኪደርስ ድረስ የማጓጓዣው ወጪ ዋጋውን ያንረዋል፤ በዚያ ላይ የማዕድኑ ጉድጓዶች በከርሰ ምድር ውሃ ይጥለቀለቃሉ። መስፍኑና የርስቱ አስተዳዳሪ ጆን ጊልበርት ለሁለቱ ችግሮች አንድ መላ አገኙ፤ ከማዕድኑ የሚወጣው ውሃ ቦዩን ይሙላ፣ ቦዩም ከሰሉን ያውጣ።

ለሥራው የተጠራው ጄምስ ብሪንድሊ የወፍጮ ሠሪ እንጂ በትምህርት ቤት የሠለጠነ መሐንዲስ አልነበረም። ማንበብና መጻፍ እንኳ በቅጡ አይችልም። ከባድ ችግር ሲገጥመው ከአልጋው ላይ ተኝቶ መፍትሔውን በሐሳቡ ሠርቶ ሳይጨርስ አይነሣም ነበር ይባላል። ብሪንድሊ ቦዩ ኮረብታ እየዞረ አንድ የከፍታ ደረጃ ይዞ እንዲሄድ አደረገ። ዛሬ መንገደኛውን የሚያስደስተው የቦዩ መጠማዘዝ ከዚህ የመጣ ነው። ውሃው ወደ መሬት እንዳይሰርግም ወለሉንና ጎኑን በተቦካ የሸክላ ጭቃ አስለበጠው። የሸክላው አፈር በውሃ እየራሰ፣ በአካፋ እየተገላበጠና በእግር እየተረገጠ ሲቦካ ውሃ የማያሳልፍ ይሆናል። ዛሬም በብዙ ቦታ የመዝናኛው ጀልባ የሚንሳፈፍበት ውሃ ያረፈው በዚያ በእግር በተረገጠ ጭቃ ላይ ነው።

ቦዩ ኢርዌል የተባለውን ወንዝ መሻገር ነበረበት። ብሪንድሊ ባርተን ላይ የድንጋይ ድልድይ ሠርቶ ቦዩን በድልድዩ ላይ አሳለፈው። በ1761 ከሰል የጫነች ጀልባ ከወንዙ 12 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተሻገረች። ውሃ በውሃ ላይ ሲያልፍ፣ ጀልባም በጀልባ ላይ ሲሄድ ለማየት ሰዎች ከሩቅ ይመጡ ነበር። ለማንቸስተር ድኻ ግን ከትርኢቱ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነበር፤ የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ።

ሸክላና ዋሻ

ከዎርስሊ በስተደቡብ፣ በስታፎርድሽር፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ከተሞች የራሳቸው ጭንቀት ነበራቸው። ጥሩው ነጭ ሸክላ አፈር የሚመጣው ከሩቅ ምዕራብ በባሕር ነው፤ የተሠራው ዕቃም በጋማ ከብትና በጋሪ ወደ ወደብ ሲጓዝ ብዙው ይሰበራል። ስመ ጥሩው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ የትሬንትንና የመርሲን ወንዞች የሚያገናኝ ቦይ እንዲሠራ ከተሟገቱት ግንባር ቀደም ነበር። ፓርላማው በ1766 ፈቀደ፤ የመጀመሪያውን አፈር የቆፈረውም ዌጅውድ ራሱ ነው። በ1769 የከፈተውን ኢትሩሪያ የተባለ ፋብሪካም የሠራው ቦዩ በሚያልፍበት ዳር ነበር።

የጠባቧ ጀልባ መልክ የተወሰነው በዚህ ሥራ ነው። መሬቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ቦዩ እንግሊዞች ሎክ የሚሉት መሣሪያ ያስፈልገዋል። ሎክ በፊትና በኋላ በር ያለው፣ በድንጋይ ወይም በጡብ የተገነባ የውሃ ክፍል ነው። ጀልባዋ ከታች ትገባና በሩ ይዘጋል፤ ከላይ ያለው ውሃ በትንንሽ መስኮቶች ሲለቀቅ ክፍሉ እየሞላ ጀልባዋን ያነሣታል። ውሃው በሁለቱም ወገን እኩል እስኪሆን ድረስ በሩን የሚከፍት ጉልበት የለም፤ እኩል ሲሆን ግን አንድ ሰው ረጅሙን የእንጨት ማገር በጀርባው ገፍቶ ይከፍተዋል። አንዲት ጀልባ በጠባቡ ሎክ ስታልፍ ከመቶ ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይወርዳል። ብሪንድሊ ውሃና ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል የሎኩን ስፋት ከሁለት ሜትር ጥቂት ብቻ እንዲያልፍ አደረገው። ሎኩ ጠባብ ስለሆነ ጀልባዋም ጠባብ ሆነች፤ እስከ ዛሬም ጠባብ ናት።

ከሁሉ የከበደው የሃሬካስል ኮረብታ ነበር። 2.6 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ዋሻ ለመቦርቦር 11 ዓመት ፈጀ። ብሪንድሊ በ1772 ሞተ፤ ቦዩ የተፈጸመው በ1777 ነው። በዋሻው ውስጥ ለፈረስ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ፈረሱ በኮረብታው ላይ ሲወሰድ ሰዎች በጀልባዋ ላይ በጀርባቸው ተኝተው የዋሻውን ግድግዳ በእግራቸው እየረገጡ ይገፏት ነበር። በድቅድቅ ጨለማ፣ ውሃ ከላይ እየተንጠባጠበ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በ1827 ቶማስ ቴልፎርድ ከጎኑ ለፈረስ መንገድ ያለው ሁለተኛ ዋሻ ሠርቶ ይህን ሥቃይ አቃለለው።

በ1790 የእንግሊዝ አራት ታላላቅ ወንዞች፣ ትሬንት፣ መርሲ፣ ሴቨርንና ቴምዝ በቦይ ተያያዙ። ከዚያ ወዲህ የቦይ አክሲዮን መግዛት እንደ ወረርሽኝ ሆነ። ቴልፎርድና ዊሊያም ጄሶፕ በዌልስ ምድር፣ በፖንትኪሰልቴ፣ በ1805 ያስመረቁት የውሃ ድልድይ የዚህ ዘመን ታላቅ ሐውልት ነው፤ 307 ሜትር ርዝመትና 38 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ የብረት ገንዳ ዛሬም ጀልባ ያሳልፋል። የመሐንዲሶቹ ስም በየድልድዩ ሲነሣ የቆፋሪዎቹ ስም አይነሣም። ናቪ የሚባሉት እነዚህ ሠራተኞች በአካፋ፣ በዶማና በእጅ ጋሪ ተራራ ሲንዱ፣ በየሥራው ቦታ በጎጆ እያደሩ፣ በአፈር ናዳና በባሩድ ፍንዳታ እየሞቱ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ቆፈሩ። ቦዮቹ ያመላለሱት ጥጥም ቢሆን በአሜሪካ በባሮች ጉልበት የተለቀመ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

ሦስት ሜትር ቤት

በ1830 በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል የባቡር ሐዲድ ተከፈተ። ባቡር በአንድ ቀን የሚያደርሰውን ጭነት ጀልባ በሳምንት ታደርሰዋለች። የቦይ ኩባንያዎች ለመወዳደር ዋጋቸውን ቀነሱ፤ በርካታዎቹም ለባቡር ኩባንያዎች ተሸጡ። የዋጋው ቅናሽ በመጨረሻ ያረፈው በጀልበኛው ትከሻ ላይ ነው። ረዳት መቅጠር ያቃተው ጀልበኛ በየብስ የሚከራየውን ቤት ለቅቆ ሚስቱንና ልጆቹን ከጀልባው ላይ አሳፈረ። ሚስቱ መሪ ያዥ፣ ልጁ ፈረስ ነጂ ሆኑ፤ ደመወዝ የሚከፈለው ግን ለአንዱ ብቻ ነው።

ቤታቸው ከጀልባዋ ጫፍ ያለችው፣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ያህል፣ ስፋቷ ሁለት ሜትር የሆነች ክፍል ነበረች። የቀረው የጀልባዋ አካል ገንዘብ የሚያመጣው ጭነት ስፍራ ስለሆነ ከዚያ ላይ አንድ ክንድ እንኳ አይነካም። በመግቢያው በኩል ትንሽ የብረት ምድጃ አለች። የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ወደ ታች ሲዘረጋ ገበታ ይሆናል፤ በስተውስጥ ያለው ሰሌዳ ሲዘረጋ የባልና የሚስት አልጋ ይሆናል፤ ልጆች በጎን አግዳሚው ላይና በተገኘው ቀዳዳ ይተኛሉ። በዚህች ክፍል ይወለዳል፣ ይታመማል፣ ይሞታል።

እነዚህ ሰዎች ግን ቤታቸውን ያስጌጡ ነበር። በሩ፣ የውሃው ማሰሮና ባልዲው በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ቀለም ጽጌረዳ ይሣልበታል፤ ከጽጌረዳው አጠገብም ድልድይና ሐይቅ ያለው የተረት ቤተ መንግሥት ይታያል። በግድግዳው ላይ ዳር ዳሩ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ሳሕን ይሰቀላል፤ ነሐሱ ሁሉ በየቀኑ ይወለወላል። ሥዕሉ ከየት እንደ መጣ ምሁራን ብዙ ተከራክረውበታል። የሆነ ሆኖ መሬትና ቤት የሌለው ሰው በሩ ላይ ቤተ መንግሥት ማሣሉ ለማንም አስረጂ የሚያሻው አይመስለንም።

ጀልበኛው የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በጉዞና በጫነው ቶን ነበር። ስለዚህ የቆመባት ሰዓት ሁሉ የጠፋች እንጀራ ናት። ልጆች ቀድመው እየሮጡ የሚቀጥለውን ሎክ ያዘጋጃሉ። እናት በአንድ እጇ መሪ ይዛ በሌላው ወጥ ታማስላለች። ከንጋት በፊት ተነሥቶ ሌሊት እስኪገፋ መሄድ የተለመደ ነው። ሁለት ጀልባዎች ለአንድ ሎክ ሲሽቀዳደሙ ጠብ ይነሣል። እንግዲህ ዛሬ መንገደኛውን የሚያዝናናው ያው በሰዓት አራትና አምስት ኪሎ ሜትር የሆነ ጉዞ ለእነዚያ ሰዎች ሩጫ ነበር። የተለወጠው ፍጥነቱ ሳይሆን ሰውየው ለጊዜው ያለው ሥልጣን ነው።

ሕጉና ጦርነቱ

ከተሜው ጀልበኛውን በጥርጣሬ ይመለከተው ነበር። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚያድር ሰው ሌባም ሰካራምም ይባላል። በልጅነቱ በጡብ ፋብሪካ የደከመው ጆርጅ ስሚዝ የተባለ የኮልቪል ሰው በ1870ዎቹ የጀልባ ልጆችን ኑሮ ለሕዝብ ማጋለጥ ጀመረ። ጽሑፎቹ የጀልበኛውን ስካርና መሃይምነት ከልክ በላይ ቢያጎሉም በ1877 የቦይ ጀልባዎች ሕግ እንዲወጣ ረድተዋል። ሕጉ እያንዳንዱ መኖሪያ ጀልባ እንዲመዘገብና በክፍሉ ውስጥ የሚያድረው ሰው ቁጥር እንዲወሰን አዘዘ። በ1884 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ የተቆጣጣሪዎችን ሥራ አጠናከረ።

የትምህርት ነገር ግን በሕግ ብቻ አልተፈታም። የጀልባ ልጅ ጭነት ሲጠበቅ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በአንድ ከተማ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ጀልባዋ ስትነሣ ትምህርቱ ያበቃል። ብዙዎቹ ፊደል ሳይለዩ አደጉ። ይሁን እንጂ ከለንደን እስከ በርሚንግሃም ያለውን ሎክ፣ ድልድይና ጥልቀት ሁሉ በቃላቸው ያውቁት ነበር። መሃይም የተባሉት ሰዎች ዕውቀት በወረቀት ላይ ያልሰፈረ በመሆኑ፣ እነርሱ ሲያልፉ አብዛኛው አብሯቸው አለፈ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሰው ኃይል ስላነሰ መንግሥት ሴቶችን ለጀልባ ሥራ መለመለ። ከየቢሮውና ከየትምህርት ቤቱ የመጡት እነዚህ ሴቶች ሦስት ሦስት እየሆኑ ባለሞተሯን ጀልባና ተጎታቿን ይዘው ከለንደን ብረትና ሌላ ጭነት ወደ በርሚንግሃም ያደርሱ፣ ከኮቨንትሪ አካባቢ ከሰል ጭነው ይመለሱ ነበር። ሁለቱ ጀልባዎች በአንድነት ወደ 50 ቶን ይይዛሉ፤ ደርሶ መልሱም ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። በደረታቸው የሚያደርጉት ዓርማ አይ እና ደብልዩ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነበሩበት። ፊደላቱ የአገር ውስጥ የውሃ መንገዶች ማለት ሲሆኑ ቀልደኞች ግን ሥራ ፈት ሴቶች ብለው ፈቷቸው። ከሰል በአካፋ ሲዝቁ፣ በበረዶ ሎክ ሲከፍቱ ለዋሉ ሴቶች የወጣ ስም ነው!

መጽሐፉና አካፋው

ከጦርነቱ በፊት፣ በ1939፣ ኤል ቲ ሲ ሮልት የተባለ መሐንዲስ ክሬሲ በምትባል አሮጌ ጀልባ ከሚስቱ ጋር ቦዮቹን ለመዞር ተነሣ። በ1944 ያሳተመው ናሮው ቦት የተባለ መጽሐፍ በጦርነት ለደከመው አንባቢ አንድ የተረሳ ዓለም ገለጠለት። ሮበርት ኤክማን የተባለ ጸሐፊ መጽሐፉን አንብቦ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሁለቱም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1946 የአገር ውስጥ የውሃ መንገዶች ማኅበርን መሠረቱ።

ወዳጅነቱ አልዘለቀም። ሮልት ከሁሉ በፊት የጀልበኞቹ ሥራና ባህል እንዲጠበቅ ይሻ ነበር፤ ኤክማን ደግሞ ለሥራም ለመዝናኛም ይሁን አንድም ቦይ እንዳይዘጋ ይታገል ነበር። ጠቡ ከርሮ ሮልት በ1951 ከማኅበሩ ተወገደ። የክርክሩ ፍሬ ነገር የግል ጠባይ ብቻ አልነበረም፤ መንገድ ያለመንገደኛው ይድናል ወይ የሚል ጥያቄ ነበር።

ታሪክ ለሁለቱም ከፊል መልስ ሰጠ። ቦዮቹ በ1948 በመንግሥት ይዞታ ሥር ዋሉ። መኪናና ባቡር ጭነቱን ሲሻሙ ሥራው እየሳሳ ሄደ። ከ1962 እስከ 1963 የነበረው ብርቱ ክረምት ቦዮቹን ለሳምንታት በበረዶ ዘጋ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት አብዛኛውን የጠባብ ጀልባ ጭነት ሥራ አቆመ። ከሰል ለለንደን ጃም ፋብሪካ ያደርስ የነበረው የመጨረሻው መደበኛ የረጅም መንገድ ሥራም በ1970 አበቃ። የጀልባ ቤተሰቦች ወደ ጡብ ቤትና ወደ ፋብሪካ ገቡ። ሮልት የፈራው ደረሰ።

ኤክማን የተመኘውም ደረሰ። የሼክስፒር የትውልድ ከተማ ወደ ሆነችው ስትራትፎርድ የሚወስደው ቦይ በ1950ዎቹ በደለልና በአረም ተውጦ ነበር። የአካባቢው ምክር ቤት ማንም አይጠቀምበትም በማለት እንዲዘጋ ሲጠይቅ፣ በታንኳ የሄዱ ሰዎች የመተላለፊያ ክፍያ የከፈሉበትን ደረሰኝ ማስረጃ አድርገው አቀረቡ። ቦዩ ከመዘጋት ዳነ። ከዚያም በጎ ፈቃደኞች፣ ወታደሮችና እስረኞች ጭቃውን በአካፋ ዝቀው፣ ሎኮቹን ጠግነው በ1964 ለጀልባ ክፍት አደረጉት። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ የሞቱ ቦዮች ተነሡ። በዴቫይዝስ 29 ሎኮች እንደ ደረጃ የተደረደሩበት የኬኔትና የኤቨን ቦይ በ1990፣ በፔናይን ተራሮች ሥር አምስት ኪሎ ሜትር የሚሄደው የስታንዴጅ ዋሻ በ2001 እንደገና ተከፈቱ። የ1968ቱ ሕግም መዝናኛ የቦይ አንዱ አገልግሎት መሆኑን አውቆ ነበር።

የዛሬው ውሃ

ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የውሃ መንገድ የሚያስተዳድረው አንድ የበጎ አድራጎት ባለአደራ ድርጅት ነው። በዚህ መረብ ላይ ከ30,000 በላይ ጀልባዎች ይገኛሉ፤ ይህም በሥራው ዘመን ከነበረው እንደሚበልጥ ይነገራል። መንግሥት ከ2027 ጀምሮ ለድርጅቱ የሚሰጠውን ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንደሚቀንስ በ2023 አስታውቋል። ከሁለት ምእተ ዓመት በላይ የኖረ ግድብና ግንብ ደግሞ በየዓመቱ ጥገና ይጠይቃል።

ከነዚህ ጀልባዎች መካከል ለዕረፍት ያልመጡም አሉ። በለንደንና በሌሎች ከተሞች የቤት ኪራይ ስለናረ ጀልባን መኖሪያ ያደረጉ ብዙ ናቸው። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልበኛ በ1995ቱ ሕግ መሠረት በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ ሳይቆይ መንቀሳቀስ ይገባዋል። ልጅ ትምህርት ቤት ለሚልክ፣ ሐኪም ለሚከታተል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1870ዎቹ የተነሣው የቤት፣ የትምህርትና የአድራሻ ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ በዚያው ውሃ ላይ ተንሳፍፏል።

እንግዲህ በቦይ ላይ የሚደረገው የዝግታ ጉዞ የሚነቀፍ አይደለም። እንዲያውም ቦዮቹን ከመደፈን ያዳናቸው ለጉዞው ያደረው ፍቅር ነው። ነገር ግን መንገደኛው ሎኩን ለመክፈት ጀርባውን ከማገሩ ላይ ሲያሳርፍ፣ እግሩ የሚቆመው ከእርሱ በፊት የነበሩት እየረገጡ ባጎደጎዱት ስፍራ ላይ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው። በድልድዩ ማዕዘን ያለውን የገመድ ጭረት የቦረቦረው የፈረስ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ከፈረሱ ኋላ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የዋለው ልጅም አለበት። የውሃውን መንገድ ማደስ የተቻለውን ያህል የዚያን ልጅ ታሪክ በአግባቡ መዝግቦ ማቆየትም ይቻላል። በየቦዩ ዳር የተከፈቱት ቤተ መዘክሮች፣ እንዲሁም ከቀሩት አረጋውያን ጀልበኞች ቃል የተቀዱት ትዝታዎች የዚህ ሥራ ጅምር ናቸው።